ቁርስ በቡሬ፣ ቀትር በግሽ ዓባይ

ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት የዓባይን ምንጭ ሳስተምር አይቼው አላውቅም ነበር። ፍኖተ ሰላም ተቀምጬ፣ በግማሽ ቀን የሚደረስበትን ቦታ በጠመኔ ስስል ኖርኩ። ጉብታዎች እሠራለሁ፤ ከጉብታዎቹ ሥር ቀጭን መስመር አወጣለሁ፤ መስመሩን ጣና አስገባና በሌላ በኩል አስወጣዋለሁ። ተማሪዎቼም እንዳለ ይገለብጡታል። አንድ ጊዜ ከፊት የምትቀመጥ ልጅ እጇን አውጥታ ውኃው ሲነኩት ይቀዘቅዝ እንደሆነ ጠየቀችኝ። በጣም ይቀዘቅዛል አልኳት፣ ዓይኔን ሳላሽ። ያቺ መልሴ ለብዙ ጊዜ ከነከነችኝ።

ይህን የምጽፈው ግን ስለ ጂኦግራፊ ብዬ አይደለም። እናቴ በእኔ የተነሳ አርባ ዓመት ያልከፈለችው ስለት ነበረባት። እኔን ይዛ ግሽ ዓባይ ልትሄድ፣ ከምንጩ ልታስገባኝ፣ ከውኃው ልታስጠጣኝ። እኔ ይህን ያወቅሁት ደጃፉ ላይ ከቆምኩ በኋላ ነው። እሷ ግን ያን ቅዳሜ ጠዋት ከቤት ስትወጣ ጀምሮ ከዚህ ሌላ የምታስበው ነገር አልነበራትም። አንባቢ ከእኔ ቀድሞ ይወቀው፤ ከዚህ በኋላ የሠራሁትን ሲያይ ቢያንስ በእናቴ አይፍረድ።

በቤታችን አንድ የቆየ ወሬ አለ። ሕፃን ሳለሁ አልበላም ብዬ ነበር ይባላል። መጀመሪያ ጡት አልይዝም አልኩ፤ በግድ በጠብታ አደግሁ፤ ጡት ስጥል ደግሞ እህል የሚባል ወደ አፌ አላስጠጋም አልኩ። ጎረቤት ሁሉ ይህች ልጅ አትተርፍም ብሎ ተስፋ ቆርጦ ነበር ትላለች አክስቴ፣ ደጋግማ የምታወራው እሷ ናት። ወንድሞቼ እስከ ዛሬ ይተርቡኛል፤ አሁን ከመሃላችን የእኔን ያህል የሚበላ የለምና። እናቴ ግን በዚህ ወሬ ስቃ አታውቅም። ስበላ ታየኛለች። አርባ ሁለት ዓመት ሆኖኝ፣ የራሴ ልጆች ቁመታቸው በልጦኝ፣ እሷ አሁንም በእኔ በኩል ያለውን የትሪ ጠርዝ ትመለከታለች። አንዳንድ ቀን ያናድደኛል። እማ ምን ታያለሽ እላታለሁ፤ ምንም ትለኛለች።

ጉዞውን ያሰብኩት እኔ ነኝ፤ ቢያንስ እንደዚያ መስሎኝ ነበር። ከድሮ ተማሪዎቼ አንዱ አስጎብኚ ሆኗል። ሳስተምረው ሰሜን በየት በኩል ነው ሲባል ጣሪያውን የሚያሳይ ተማሪ ነበር። አሁን ሠላሳ ዓመት አልፎት፣ የራሱ መኪና ኖሮት፣ እንግዶችን ለብቻቸው ይዞ ተራራውንና የድሮዎቹን የገበያ ከተሞች በአንድ ቀን ያዞራል። መንገድ ላይ አግኝቶኝ፣ ፕራይቬት ትሪፕ ነው ቲቸር፣ እርስዎና እማማ ብቻ፣ እኔው ነድቼ እኔው አስረዳለሁ አለኝ። ያኔ መንገዱ ክፍት ነበር፤ ሰው ጠዋት ወጥቶ ማታ ቤቱ ይገባ ነበር።

ፕሮግራሙን በኮምፒውተር ጽፎ አመጣልኝ። አሥራ ሁለት ተኩል መነሻ፣ ሁለት ሰዓት ቁርስ በቡሬ፣ አራት ሰዓት የተራራ እይታ፣ ቀትር ላይ ግሽ ዓባይ። ሰዓት የተጻፈበት ወረቀት እወዳለሁ፤ ሙያዬም ጠባዬም ነው። አጣጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

እናቴን ለማሳመን ክርክር አዘጋጅቼ ነበር። ጉልበቷን ያማታል፣ መኪና ያዞራታል፣ ከቤቷ መውጣት አትወድም። ግሽ ዓባይ እንሂድ ወይ ስላት ግን ቀና ብላ አየችኝና መቼ አለች። በዚህ መጠርጠር ነበረብኝ። ዓርብ ዕለት የክት ቀሚሷንና ነጠላዋን አጥባ አሰጣች፤ ፀጉሯን አዲስ ተሠራች። ቅዳሜ ጠዋት መኪናው ሲመጣ ከበር ቆማ አገኘኋት፤ በጨርቅ የተቋጠረ ድፎ ዳቦ በብብቷ ይዛለች። ቁርስ ፕሮግራም ውስጥ አለ እኮ፣ ኢየሩሳሌም የምንሄድ መሰለሽ ወይ ብዬ ተረብኳት። ለመልስ ነው አለችና ገባች።

ጥቅምት ነበር። ከፍኖተ ሰላም ስንወጣ ጉም መንገዱ ላይ ተኝቶ፣ መኪናው በቀስታ እየሰነጠቀው ይሄዳል። ከፊታችን አህዮች ብቅ ይላሉ፣ ቀጥሎ ጭነቱ፣ ቀጥሎ ሰውየው፤ ወዲያው ሁሉም ይጠፋሉ። በግራና በቀኝ ያለው የኑግ ማሳ ቢጫነቱ ከጉሙ ሥር ይታያል እንጂ መጨረሻው አይታይም። አስጎብኚያችን ስለ አፈሩ፣ ስለ ዝናቡ መጠን ማስረዳት ጀመረ፤ ራሴ ያስተማርኩትን መልሶ ሲነግረኝ ደስም አለኝ፣ ሁለት ቦታ ስለተሳሳተ ደግሞ አረምኩት። እናቴ ከኋላ ተቀምጣ መስኮቱን በነጠላዋ ጫፍ ትወለውላለች።

ማንኩሳ ስንደርስ ጉሙ ገለጥ አለ። አስጎብኚያችን ስለ ከተማዋ የሚያውቀውን ሲያወራ እናቴ አቋረጠችው። እዚያ ማዶ፣ ከዋርካው ሥር፣ በርበሬ እሸጥ ነበር አለች። ሙሽራ ሳለች፣ ከአማቷ ጋር፣ በእግሯ እየመጣች። ይህን ነግራኝ አታውቅም። ዞሬ ሳያት ፊቷ የሌላ ሰው መሰለኝ፤ ወጣት የሆነች፣ እኔን ገና ያላወቀች ሴት። ዋርካው አለ ወይ ብዬ ፈለግሁ፤ ያለፍነው ይሁን ያላለፍነው ሳልለይ ከተማዋ አለቀች።

ቡሬ ሁለት ሰዓት ሲሆን ገባን፤ ፕሮግራሙ ደቂቃ አላዛነፈም። የነቀምቴው መንገድ ከዚያ ይገነጠላልና እህል የጫነ መኪና፣ ባጃጅ፣ ሚኒባስ አንድ ላይ ይተረማመሳሉ። ጥንት የሲራራ ነጋዴ ዓባይን ተሻግሮ የሚያርፍባት ከተማ ነበረች አለ አስጎብኚያችን፣ አሁንም ያው ናት፣ በቅሎው ብቻ ነው የተለወጠው። ይህን ከእኔ አልተማረም፤ በልቤ አደነቅሁት።

ቁርስ ቤቱ ከመንገዱ ገባ ያለ ነው። እንቁላል ፍርፍር በለጋ ቅቤ፣ ከምድጃ የወጣ ዳቦ፣ ጥቁር ሻይ አዘዝን። ብርዱ አስርቦኝ ነበር መሰለኝ፣ እንዲያ ጣፍጦኝ የበላሁትን ቁርስ አላስታውስም። እናቴ እጇን ታጥባ ተቀመጠች፤ ግን አልነካችም። ሻይዋ ፊቷ በረደ። ብይ እንጂ እማ አልኳት፤ ቆየት ልበል አለች። በኋላ ተራራ ላይ ራሴን አዞረኝ ብትይ አልሰማሽም ብዬ ተቆጣኋት፣ አስጎብኚው እየሰማ። እሷም የእሷን ሳህን በጣቷ ገፋ አድርጋ ወደ እኔ አስጠጋችው። እሱንም በላሁ። ቀና ስል እያየችኝ ነበር፤ አፏ ትንሽ ተከፍቶ፣ አንድ ነገር ልትል እንደደረሰች። ምነው አልኳት። ዳቦው ይጨመርልሽ ወይ አለችኝ።

የምንሄደው ጠበል እንደሆነ አላሰብኩም። አሁን ይህን ስጽፍ ራሴም አላምነውም፤ ጾሜን የምጾም፣ ጠበል በባዶ ሆድ እንደሚኬድ ከልጅነቴ የማውቅ ሴት ነኝ። ግን አሥራ ዘጠኝ ዓመት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስስለው ግሽ ዓባይ ለእኔ የካርታ ነጥብ ሆኖ ነበር። ነጥብ ጋ ለመሄድ ማን ይጾማል።

ከቡሬ በኋላ ቀኑ መልኩን ለወጠ። ቲሊሊ ላይ ወደ ቀኝ ታጥፈን ሽቅቡን ስንያያዘው ፈረሰኞች በመንገዱ ዳር በሶምሶማ ያልፉን ነበር፤ ደበሎና ጋቢ የደረቡ፣ ከአጠገባችን ሆነው በመስኮት ዝቅ ብለው ሰላም የሚሉ። አንዲት ሴት በአገውኛ አነጋገረችን፤ እናቴ ሁለት ቃል መለሰችላት፤ ሴትዮዋ ደስ ብሏት ሳቀች። እናቴን የት ተማርሽው ስላት ገበያ ነዋ አለችኝ። ቀርከሃ፣ ገብስ፣ ድንች፣ ደግሞ ቀርከሃ። ቤቶቹ ከጉም ወጥተው ጉም ውስጥ ይገባሉ። ሰዓቴን ማየት ተውኩ፤ ይህ በእኔ ዕድሜ ሁለት ሦስት ጊዜ የደረሰ ነገር ነው።

አንድ ከፍታ ላይ መኪናውን አቁሞ አወጣን። ከታች ሸለቆው በጉም ተሞልቶ ነበር፤ ከጉሙ በላይ የኮረብታ ጫፎች ብቻ በየቦታው ብቅ ብለዋል። ባሕር አይቼ አላውቅም። ዳርቻ ላይ ቆሜ ደሴቶችን የማይ መሰለኝ። እናቴ ከድንጋይ ላይ ተቀምጣ ጫማዋን አውልቃ ጉልበቷን ታሻለች። ከሥር የሆነ ቦታ ደወል ተሰማ፤ የትኛው ቤተ ክርስቲያን እንደሆነ አስጎብኚያችንም አላወቀም። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ምንም ያላጎደልኩ፣ እናቴን በመጨረሻ አንድ ጥሩ ነገር ያሳየሁ መስሎኝ።

ወደ ግሽ ዓባይ ስንቃረብ አስጎብኚያችን ምንጩ በስማቸው የሚጠራውን የጻድቁን ታሪክ አነሳ። ጻድቁ መጻሕፍታቸውን ለውኃው አደራ ሰጥተው ሄዱ፤ ከብዙ ዓመት በኋላ ተመልሰው መጽሐፌን ቢሉት ውኃው ሳያረጥባቸው መለሰላቸው። ስድስት መጻሕፍት አለ። ሰባት አለች እናቴ ከኋላ። ከዚያም ለራሷ ይሁን ለእኛ ሳይታወቅ፣ ውኃውስ አደራውን ጠበቀ አለች። በመስታወቱ አየኋት፤ ዓይኗን ጨፍናለች። መኪናው አደከማት ብዬ አለፍኩት።

ከከተማዋ ወርደን በእግራችን ሄድን። ሜዳው ረግረግ ነው፤ ሣሩ ከእግር በታች ይሰምጣል። እናቴ በትሯን ይዛ ከፊት ከፊት ትሄድ ነበር፣ ያች ጉልበቷን የሚያማት ሴት። ከምንጩ አጥር ጋ ስንደርስ ወይባ የለበሱ አንድ አባት ከበሩ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። መስቀል አሳለሙን። ከዚያም እናቴን፣ እህል ውኃ ቀምሰዋል ወይ ብለው ጠየቋት። አልቀመስኩም አባቴ አለች። ወደ እኔ ዞሩ።

በዚያች ሰከንድ ሁሉም ነገር ገባኝ። የበረደው ሻይ፣ የተገፋው ሳህን፣ ዳቦው ለመልስ ነው ያለችው። አልቀመስኩም ልል አፌ ተከፍቶ ነበር፤ እውነቱን እናገራለሁ፣ ልዋሽ ነበር። ግን ቅቤው ገና ጣቴ ላይ ይሸታል፤ ፈተና ላይ የሚኮርጅ ተማሪ አስነስቼ የማስወጣም እኔ ነኝ።

ቀምሻለሁ አልኩ።

አባ አልተቆጡም። እንግዲያስ ከዚህ አያልፉም፣ እዚሁ አድረው ነገ ጠዋት ይግቡ አሉኝ። እናቴ በትሯን ተደግፋ መሬት መሬቱን ታያለች። ያን ጊዜ ነው ቀስ ብላ የተናገረችው፣ ለአባ እንጂ ለእኔ አልነበረም፤ የልጄ ስለት ነበረብኝ፣ በሕፃንነቷ የተሳልኩት፣ ይዣት መጥቼ ላስገባት።

ቁጣዬ መጀመሪያ አስጎብኚው ላይ ወረደ። ሕጉን አታውቅም ወይ አልኩት። ያውቃል። ግን የሚያመጣቸው እንግዶች ከላይ ሆነው ፎቶ አንስተው ስለሚመለሱ፣ ቁርሱን ከፕሮግራሙ ማውጣት ትዝ ብሎት አያውቅም። ፊቱ አመድ መስሎ፣ ይቅርታ ቲቸር ይላል ደጋግሞ። ወረቀቱን ከቦርሳዬ አውጥቼ ጨመደድኩት። ከዚያ ወደ እናቴ ዞርኩ። ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ እዚያ ደጅ ላይ፣ ለምን አልነገርሽኝም፣ ሁለት ሳህን ስበላ ቁጭ ብለሽ እያየሽኝ፣ አንድ ቃል ምን ነበረበት አልኳት።

እናቴ ቀና አለች።

«አንች ልጅ፣ አርባ ዓመት ሙሉ አትብይ ብዬሽ አላውቅም» አለችኝ። «ዛሬ ከየት ብዬ ልጀምር? ልናገር ብዬ ነበር። ስትጎርሺ አየሁና ጠፋብኝ።»

ነጠላዋን መስቀለኛ አጣፍታ፣ ቋጠሮዋን አስቀምጣ፣ ጫማዋን እኔ እግር ሥር አውልቃ፣ በባዶ እግሯ ገባች። አባ ተከትለዋት ገቡ።

እኔ ከአጥሩ ውጭ ሣሩ ላይ ተቀመጥኩ። አስጎብኚው ራቅ ብሎ ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆመ። ውኃው አይታየኝም፤ ግን ይሰማኛል፣ ወይም የሚሰማኝ ይመስለኛል፣ ከመሬቱ ሥር የሚንሾካሾክ ነገር። ከአጥሩ በታች ያመለጠው ውኃ በሣሩ መሃል ይሄዳል፤ አንድ ላም አንገቷን ደፍታ ትጠጣዋለች። በአንድ እርምጃ ይሻገሩታል። በሰሌዳ ላይ በክንዴ ሙሉ የምስለው ወንዝ ይህ ነው። ወርጄ ልነካው እችል ነበር። አልነካሁትም፤ ላሟ ስትጠጣ እያየሁ ቀረሁ። ፀሐይ በጉም ውስጥ ነጭ ሆና ቆማለች፤ ቀኑ ያለፈ አይመስልም። ልጅ ሆኜ የማላስታውሰውን ለማስታወስ ሞከርኩ፤ ከአፌ ፊት የቆመ እጅ፣ የምመልሰው ጉርሻ። ስንት ጊዜ ዘርግታው ስንት ጊዜ መለስኩት? አለቀስኩ፤ ለማን እንደሆነ አላውቅም፣ ለእሷ ይመስለኛል።

ስትወጣ የቀሚሷ ጫፍ ርሷል፤ ከነጠላዋ ላይ ውኃ ይንጠባጠባል። ፊቷ አርፏል። ተነስቼ ቆምኩና ንግግሬን ጀመርኩ፤ እዚሁ እናድራለን፣ እራት አልነካም፣ ውኃም አልጠጣም፣ ነገ በጠዋት ይዘሽኝ ትገቢያለሽ። እርጥብ እጇን ጉንጬ ላይ አሳረፈችው። ቅዝቃዜው እስከ ጥርሴ ገባ። አባ አይተው አልከለከሏትም።

«ተይ ተቀመጭ» አለችኝ።

ጎን ለጎን ተቀመጥን። ሁሉን ለአባ ነግራቸዋለች፣ ቁርሱን ጭምር። እሳቸውም የተሳለችበትን ቃል እንዳለ እንድትነግራቸው ጠይቀዋት ነበር። አርባ ዓመት ስትፈራው ኖራ፣ ቃሉን እንደ ቃሉ ያሰበችው ገና ዛሬ እንደሆነ ነገረችኝ። ሁለት ዓመት ሊሆነኝ ወራት ሲቀሩኝ፣ አንድ ጠዋት ጉልበቷ ላይ አስተኝታኝ፣ የምተነፍስ አልመስል ስላት ነው ያለችው።

«ትብላልኝ እንጂ አመጣታለሁ፣ ነው ያልኩት» አለች። «ሌላ ምን አልኩ? አምጥቼሻለሁ። አንችም በልተሽ መጣሽ።»

ከዚያ ከጠዋት ጀምሮ በብብቷ የያዘችውን ጨርቅ ፈታች። ዳቦው ከላዩ ደርቆ ከውስጡ ለስላሳ ነበር። ለራሷ ትቆርሳለች ብዬ ጠበቅሁ፤ ከትናንት ጀምሮ እህል በአፏ አልዞረም። የመጀመሪያውን ቁራሽ ቆርሳ ወደ አፌ ዘረጋችው። አባ ከበሩ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ያዩናል፤ ከእሳቸው ኋላ በሩ ክፍት ነው፤ ከበሩ ኋላ ውኃው አለ። ጠግቤያለሁ እማ፣ አንች ብይ አልኳት።

እጇን አላጠፈችም።

«ብይ» አለችኝ፣ በአገጯ ወደ ምንጩ እያሳየች። «ስትበይ ይይሽ።»

አፌን ከፈትኩላት።